ማን ሊዋሰው ይመጣል?

ባህር ዳር ላይ ዕቃ ከቤቱ ማስወጣት ለፈለገ ሰው መንገዱ አጭር ነው። ጠዋት በር ላይ መቆም ይበቃዋል። ቆራሌው ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ድምፁን እየጎተተ ይመጣል። ብረት ይወስዳል፣ ቆርቆሮ ይወስዳል፣ ጠርሙስ ይወስዳል፤ የተቃጠለ ካውያም ቢሆን አይንቅም። እሱ ካለፈ በኋላ ልዋጭ ይከተላል። ሳፋውን፣ ጆጉንና ባልዲውን ተሸክሞ በአሮጌ ልብስና ጫማ ይለውጣል። የኛ ሰፈር እናቶች ከልዋጭ ጋር ሲከራከሩ ሰምታችሁ ቢሆን፣ ለምን ጠበቃ እንዳልሆኑ ይገርማችኋል። ሁለት ሱሪና አንድ ጃኬት አስረክባ በአንድ ጆግ ብቻ የምትመለስ የለችም። ኩባያ ያስጨምራሉ። ካልሆነም ማጥለያ።

የወጣው ዕቃም ሜዳ ላይ አይቀርም። ልብሱ ታጥቦና ተጠግኖ ገበያ ይወጣል። የአሉሚኒየም ስብርባሪ ቀልጦ ብረት ድስት ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። እንግዲህ ዕቃው የሚሄድበት አያጣም። ጣጣው ያለው ከበሩ ወዲህ ነው። ቆራሌው ጆንያውን አውርዶ "እሺ፣ ምን አለ?" ሲል፣ ስንት ዓመት አቧራ የጠጣ ዕቃ ድንገት ያሳሳል። "ቆይ፣ እሱን ተወው" ይባላል። ቆራሌውም ይህን ስለሚያውቅ አይቸኩልም።

ይህን የማወራው ዘንድሮ የእማዬን ቤት ስለምንዘጋ ነው። ከስንት ልመና በኋላ ከኛ ጋር ለመኖር እሺ ብላለች። የሷ ቤት ግቢ ያለው የድሮ ቤት ነው፤ ከጓሮው ደግሞ ዕቃ ቤት አለ። የኛ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕቃ ቤት የለውም። በረንዳ አለው፤ እሱም ልብስ ይሰጣበታል። ስለዚህ ከእማዬ ጋር የሚመጣውና የማይመጣው መለየት አለበት፤ መለየቱም የኔ ሥራ ሆኗል። ታላቅ ወንድሜ ካናዳ ስለሆነ በቪዲዮ ነው የሚከታተለው። ስልኩን ወደ ዕቃ ቤቱ ባዞርኩ ቁጥር "እሱን እንዳትነኩት!" ይላል። ለመሸከም ግን የለም።

ዕቃ ስለመቀነስ ስልክ ላይ የሚመክሩ ሰዎች ሞልተዋል። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የአበባ ማሰሮ። "ዓመት ሙሉ ያልነካችሁትን አውጡት፤ ካስፈለጋችሁ ትገዙታላችሁ" ይላሉ። ለነሱ አገር ልክ ሊሆን ይችላል። እዚያ ዕቃው ርካሽ፣ የሰው ጉልበት ውድ ነው። የተበላሸ ጁስ መፍጫ ከማሠራት አዲስ መግዛት ይቀላል። እኛ ጋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫማ የሚሰፋ አለ፣ ጃንጥላ የሚጠግን አለ፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ አንዲት ኮንደንሰር ቀይሮ የሚመልስ ልጅ አለ። ዋጋው ደግሞ መልሶ አያስገዛም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ከዚያ በፊት ፍሪጁን "ካስፈለገኝ እገዛለሁ" ብሎ የሸጠ ሰው ዛሬ በዚያ ብር ምን እንደሚገዛ እሱ ይንገራችሁ።

ምክሩን ለእማዬ አነበብኩላት። አዳምጣ ስትጨርስ "እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ?" አለችኝ።

እማዬን የሠራት ሌላ ዘመን ነው። በደርግ ጊዜ ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን ነበር። ተሰልፈው ያገኛሉ፤ ተሰልፈውም ያጣሉ። ዘይት ሲመጣ ባዶ ጠርሙስ ያለው ይቀዳል፤ የሌለው ጠርሙስ ፍለጋ ጎረቤት ይሮጣል። ከዚያ ኑሮ የወጣችን ሴት "ይሄን ጠርሙስ ጣይው" ማለት ትርፉ መኮራረፍ ነው። ጀሪካኖቿን በተመለከተ ደግሞ ልከራከራትም አልፈልግም። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ትርፍ ዕቃ ሊባል አይችልም።

የምከራከረው በፌስታሉ ነበር። እማዬ ፌስታል አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ የትራስ ልብስ ውስጥ ትሰበስባለች። ፌስታል እንደ እምቦጭ ነው፤ ከዚህ ጥግ ነቀልኩት ስትሉ በዚያ በኩል ብቅ ይላል። ስንት ጊዜ ደብቄ አውጥቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. ታዲያ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። እማዬ ዜናውን ሰምታ ምንም አላለችም። ትራሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ቡናዋን ፉት አለች። አሁን ያ ትራስ በክብር ነው የሚጓዘው።

ዕቃ ቤቱን ስንከፍት ከፊት የተቀመጠው ጋን ነበር። እማዬ ጠላ መጥመቅ ካቆመች ቆይታለች። ጉልበቷም አይፈቅድላትም። ስለዚህ ጋኑን በልቤ ከሚሄደው ጎን መደብኩት። እሷ ግን ቁጭ ብላ ታሪኩን ታወጣልኝ ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ ሲያገባ ይህ ጋን ሄዷል። የማዶዎቹ አባት ተዝካር ላይ ሄዷል። ለማኅበር ሄዷል፣ ለክርስትና ሄዷል። አንዴ ከተማ ዳር ድረስ በጋሪ ሄዶ ሳምንት ሰንብቶ ተመልሷል። አንድ ልጅ "እማዬ ጋኑን አውሱን ብላለች" እያለ ይላካል፤ ጋኑ ሲመለስ ታጥቦ፣ አንዳንዴም አንድ ማንቆርቆሪያ ጠላ አስከትሎ ነው።

እኔ እዚያ ቤት ያደግሁ ሰው ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ግን ዕቃ ስለይ አላሰብኩትም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀየረ። "እንጠቀምበታለን ወይ?" የሚለውን ትቼ "ማን ሊዋሰው ይመጣል?" ማለት ጀመርኩ። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ያልነካው ዕቃ ሰፈሩ ሲነካው ከርሞ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ ያሉት መካሪዎች ይህን አይቆጥሩትም፤ የነሱ ስሌት አንድ ሰውና አንድ ቁም ሳጥን ብቻ ነው። እኛ ጋ በአንድ ወንፊት ስንት ቤት ዱቄት እንደሚነፋ ቢቆጠር እኮ ወንፊቱ ከባለቤቱ ይልቅ ሥራ የበዛበት ይመስለኛል።

በዚህ ጥያቄ ካየነው ጋኑም ቢሆን ዕድሜው እያጠረ ነው። አሁን ደጋሽ ሁሉ የፕላስቲክ በርሜል ይዟል። በርሜል አይሰበርም፣ ለመሸከም ይቀላል፣ እንደ ልብ ይገኛል። የሚያውቁ ሰዎች ጠላው እንደ ጋን ጠላ አይሆንም ይላሉ። ጋን በወይራ ይታጠናል፤ በርሜል በምን ይታጠናል? ቢሆንም ባለፉት ዓመታት ጋን አውሱኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ጋኑ አሁን ገጠር ያለችው የእማዬ እህት ዘንድ ነው። እዚያ ገና በዓል ሲደርስ ይለመናል።

ይህን ነገር ዕድር ከኔ በፊት ጨርሶታል። የዕድር ዕቃ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳን፣ የድንኳን ብረት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው ብረት ድስት፣ በቁልል የተደረደረ ሰሃን፣ ጭልፋ፣ የውኃ በርሜል። አብዛኛውን ቀን ማንም አይነካቸውም። ግን "ይሄ ሁሉ ዕቃ ለምን ተከማቸ?" የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዕቃው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የሰበረ ይከፍላል። ደብተር የያዘ ኃላፊ አለ። ይህ ባይኖር እያንዳንዱ ቤት ለአንድ የለቅሶ ቀን ሲል ድንኳን ገዝቶ አልጋ ሥር ሊያኖር ነው። በኮንዶሚኒየም ያየሁት ችግር አንዱ ይኼው ነው። ሰው ከግቢ ቤት ወጥቶ ፎቅ ሲገባ የድሮ ዕድሩ ሰፈሩ ላይ ይቀራል፣ አዲሱ ገና አልተደራጀም፤ ስለዚህ ሁሉም በየበረንዳው የራሱን ትልቅ ድስት ይደረድራል። ደረጃው ሥር የታሰረውን ወንበርና ዕቃ ያየ የመጋዘን ጥበቃ የተቀጠረ ሊመስለው ይችላል።

የእማዬ ትልልቅ ድስቶች እንዲህ ሆነው ለሰፈሯ ዕድር ተሰጡ። ግን ዝም ብለው አልተሰጡም። ከያንዳንዱ ሥር ስሟ በሚስማር እንዲጻፍ አዘዘች። "ሰጥተሽ ካበቃሽ ስሙ ለምንድን ነው?" አልኳት።

"ሲያጥቡት ያዩታል" አለች።

ልክ ናት። ድስት የሚያጥቡ ሴቶች ሥሩን ያያሉ፤ ማን እንደሰጠው ያወራሉ። ከዚያ በኋላ ድስቱ እኛ ሳሎን ተቀምጦ ቢሆን ከሚጠራው የበለጠ ስሟ ይጠራል።

ብፌው ግን አስቸገረኝ። የኛ ዕድሜ ሰው ሁሉ የዚህን ብፌ ነገር ያውቀዋል። መስታወቱ የተወለወለ፣ ውስጡ ሙሉ የሰሃን ስብስብ፣ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ሲኒዎች፣ ከአረብ አገር የመጣ የሻይ ዕቃ፣ አንዴም ወይን ያልተቀዳባቸው የወይን ብርጭቆዎች። ለእንግዳ ነው የተቀመጡት። እንግዳ ደግሞ ቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ሆኖም እስከማስታውሰው ድረስ በነዚያ ሰሃኖች የበላ ሰው የለም።

"እማዬ፣ እነዚህን ለጎረቤት ልጅ ሰርግ እንስጣቸው።"

"እንግዳ ሲመጣ ምን ላይ ላቀርብ ነው?"

"እንግዳ ሲመጣ በላስቲኩ ሰሃን አይደል የምታቀርቢው?"

"እነሱ ቤተኛ ናቸው እንጂ እንግዳ ናቸው?"

"ታዲያ እንግዳው ማን ነው?"

ትንሽ አሰበች። "አይታወቅም እኮ" አለች።

ይህን ያህል ዓመት የምንጠብቀው እንግዳ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሳቅን። ግን እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ተረከዙ ረጅም ጫማ አለ፤ ጉልበቴን እያመመኝ የማደርግበት ድግስ ገና አልተጠራም። እንግሊዝኛ መማሪያ ካሴትና ሲዲ አለ፤ ማጫወቻው ከቤታችን ጠፍቷል። ውፍረቴ ሲቀንስ የምለብሰው ቀሚስ አለ። የእማዬ ብፌ ለማይመጣ እንግዳ ከሆነ፣ የኔ ቁም ሳጥን ለማልሆናት ሴት ነው። እነዚህን ማንም አይዋሳቸውም። ቀሚሱን የእህቴ ልጅ ለምርቃቷ ወሰደችው፤ ጫማው በልዋጭ ሄደ። በምትኩ የመጣው ማጥለያ በየቀኑ ሻይ ያጠላል። ሰሃኖቹን ደግሞ አዲሱ ቤት ስንገባ የዕለት ሰሃን ልናደርጋቸው ተስማምተናል። እማዬ እስካሁን "ይሰበራሉ" ትላለች። ይሰበሩ፤ ሰሃን አይደሉ?

ወንድሜ ሁሉንም ነገር "ቅርስ ነው" ይለዋል። ቴፑ ቅርስ ነው፣ የተሰነጠቀው ሰፌድ ቅርስ ነው፣ ወንበሩ ቅርስ ነው። እዚህ ከተማ እየኖርን ቅርስ ማስቀመጥ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም። ጀልባ ይዞ ዘጌ መሻገር ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤቱ ውስጥ የነገሥታት ዘውዶችና የብራና መጻሕፍት አሉ። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባበት እኔ አላየሁትም፤ ወንዶቹ እንደሚነግሩን እነ ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዓፄ ፋሲል አፅማቸው እዚያ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በግራኝ ጦርነት ጊዜ፣ ከየአቅጣጫው ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ እንደነበር ይነገራል። ዘጌ ላይ ያየሁትን ግን ራሴ ልመስክር። አባ ብራናውን ከጨርቁ አውጥተው ሲገልጡልን ማን እንደሰጠው፣ መቼ እንደሚነበብ፣ ሥዕሉ የማን እንደሆነ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። ዕቃው ጠባቂ አለው። ጠባቂው ሲያልፍ የሚተካው አለ። ቀኑ ሲደርስ ወጥቶ ይነበባል፣ ይለበሳል፣ ይዞርበታል።

ወንድሜን "የቴፑን ታሪክ ንገረኝ" አልኩት። "አባዬ የገዛው ነው" አለ። ከየት? መቼ? ምን ይሰማበት ነበር? አያውቅም። እኔም አላውቅም። እማዬን ጠየቅናት፤ አባዬ ሳይሆን አጎቴ ትቶት የሄደ ነው አለች። ቅርሱ ወዲያው አነሰ።

የአባዬ ትንሿ ራዲዮ ግን እውነትም የአባዬ ናት። ማታ ማታ ጆሮው ሥር አድርጎ ዜና ይሰማባት ነበር። ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ አገኘናት። ስንከፍታት የባትሪ ድንጋዮቹ ውስጧ ቀርተው ኖሮ ፈሰዋል፤ ሽቦውን በልተውታል። ማስቀመጥ ብቻውን ዕቃ አያድንም። ሐይቁ ዳር ደግሞ ክረምቱ እርጥብ ነው። ፍራሽ ይሻግታል፣ መጽሐፍ ይጠወልጋል፣ ምስጥ ካገኘው ይጨርሰዋል፤ የማይዞር ጎማ ይሰነጠቃል። ራዲዮዋን ያየላት ልጅ "ድንጋዩን አውጥታችሁ ብታስቀምጧት ኖሮ ዛሬም ትሠራ ነበር" አለን። እሷን አልጣልናትም። አትሠራም፣ ማንም አይዋሳትም፣ ግን ትንሽ ናት። ትንሽ መሆን ራሱ ለመኖር በቂ ምክንያት ነው ብዬ ወስኛለሁ። ደንብ አወጣሁ እንጂ እሥር ቤት አልሠራሁም።

ከብፌው ላይ የወሰድኳት ሌላ ትንሽ ዕቃ የደንገል ታንኳ ናት። እዚህ ከተማ ያላት ቤት ብዙ ነው፤ ለውጭ ዘመድም ትላካለች። ሐይቁ ላይ የምትሠራው እውነተኛዋ ታንኳ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥታ ፀሐይ ካልመታት ትከብዳለች። ሲያልቅላት ሌላ ይሠራሉ። የኛዋ ብፌ ላይ ተቀምጣ ስንቷን ታንኳ ቀብራለች።

ስለ ኤሌክትሮኒክሱ ጉዳይ መልስ የለኝም። አሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን፣ የማይሠሩ ስልኮች፣ ሪሲቨሮች፣ የቻርጀር ሽቦ በኩንታል። ቆራሌው መዳቡን ይፈልጋል፤ የቀረውን የት እንደሚጥለው አይነግረኝም። እማዬ "ኅዳር 12 ይቃጠላላ" አለች። ኅዳር ሚካኤል ጠዋት ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከልጅነቷ የምታውቀው ነው። መነሻው በ1911 ዓ.ም. አገሩን የመታው የኅዳር በሽታ ነው ይባላል፤ ዓለምን የዞረው ያ ከባድ ኢንፍሉዌንዛ። ተፈሪ መኮንንም ታመው ተርፈዋል። ያኔ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ግን ፕላስቲክና ባትሪ እሳት ውስጥ መክተት በሽታን ማባረር ሳይሆን መጥራት ነው። የነዚያ ቴሌቪዥኖች መስታወት ውስጥ እርሳስ አለ። እማዬ በዚህ ላይ ሰማችኝ። ቴሌቪዥኑ ግን እስካሁን ዕቃ ቤት ነው።

አባዬ የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የተቋቋመው። ከሳጥኑ ሥር እሱ ያመጣው አንድ ጥቅል ነጭ ጨርቅ ወጣ። ለልጆች ሰርግ ተብሎ የተቀመጠ ነው። እኛ ተዳርን፣ ወለድን፣ ጨርቁ ግን አልተነካም። ስንዘረጋው የታጠፈበት መስመር ሁሉ ቢጫ ሆኗል። አንድ ሁለት ቦታ በመስመሩ ላይ ሳስቷል። እኔ ወዲያው ስለ መጋረጃና የአልጋ ልብስ ማሰብ ጀመርኩ። ሰፊውን ሁሉ መረጥኩ።

እማዬ ጨርቁን ከእጄ ወስዳ በክንዷ ለካች። ከሚሻለው ጫፍ ቆረጠች፣ አጣጠፈች፣ ከነጠላዋ ሥር አደረገች።

"የቀረውን መጋረጃ አድርጊው" አለች። "ይሄ የኔ ነው።"

የምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እዚህ አገር ያደገ ሰው አይጠይቅም። የራሷን መግነዣ ነው የያዘችው። ለዚህ ዕቃ የኔ ጥያቄ አይሠራም፤ ማንም አይዋሰውም፣ እሷም እያለች አትጠቀምበትም። ሆኖም ከዚያ ቤት ከሚወጣው ዕቃ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅም በርግጠኝነት የሚታወቀው እሱ ብቻ ነው። በኛ ቁም ሳጥን ላይኛው መደርደሪያ ቦታ ለቅቄለታለሁ። የኔ የተረከዝ ጫማ የነበረበት ነው።

የቀረው የአባዬ ሳይክል ነው። ባህር ዳር ሜዳ ናት፤ ለሳይክል የተፈጠረች። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠዋት የፋብሪካው ሠራተኛ በሳይክል ሲጎርፍ መንገዱ ይሞላ ነበር። አባዬም አንዱ ነበር፤ ከኋላው ወንድሜን፣ ከፊቱ እኔን ጭኖ። ኋላ ባጃጁ በዛ። አባዬ ካረፈ በኋላ ሳይክሉ ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ጎማዎቹ ደርቀው ተሰነጣጠቁ። ወንድሜ ስለዚህ ሳይክል አንዴም ሳያነሳ የዘጋው ስልክ የለም። "እሱን እኔ መጥቼ አየዋለሁ" ይላል። መቼ እንደሚመጣ ግን አይናገርም። ዓመት በዓል ይቆጥራል፤ ለገና፣ ካልሆነ ለጥምቀት፣ ካልሆነ ለፋሲካ።

ዕቃ ቤቱን ስንጠርግ የጎረቤት ልጅ ያግዘን ነበር። ትምህርት ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ብቻውን 380 ሜትር ነው። ልጁ ሳይክሉን አወጣ፣ ጠረገ፣ ፔዳሉን በእጁ አዞረ። ሰንሰለቱ ጮኸ፣ ግን ዞረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። እኔ የምጠብቀውን ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ጠየቀኝ።

"እትዬ፣ ጎማ የሚገባለት ይመስልዎታል?"

ዋርካው ሥር ያለው ጠጋኝ ጋ ይዞት ሄደ። ከመነዳሪውን በሳፋ ውኃ ነክሮ አረፋ የሚፈልገው ሰውዬ ሳይክሉን ሲያይ "ይሄን የድሮ ብረት አትልቀቁት" አለ አሉ። ሁለቱም ጎማ ተቀየረ።

ወንድሜ ደወለ። ነገርኩት። ዝም አለ። "ሰጠሽው?" አለ።

"አልሰጠሁትም። አዋስኩት።"

"ስመጣስ?"

"ስትመጣ ከሱ ትዋሰዋለህ።"

መጀመሪያ የተቆጣ መሰለኝ። ከዚያ ሳቀ። ብሬኩ ይይዛል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ልጁ ድልድዩን ወርዶ ነው የሚሄደው አልኩት። ጎማውን እንጂ ብሬኩን ገና አላሳየነውም። የሱን ሒሳብ እኔ ልላክ አለ። ቅዳሜ ጠጋኙ ጋ ይዘነው እንሄዳለን።